ድንጋዩ እስኪደርቅ፦ በሬድ ሮክ ካንየን ስለሚደረግ የጸደይ ጉዞ

በላስ ቬጋስ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ ከሥራ ፈረቃችሁ ጊዜ ቆርሳችሁ ስለ መጣችሁ አመሰግናለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ስትነዱ ወይም ሆቴል ውስጥ ስትሠሩ አድራችሁ የመጣችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሳላንዛዛ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ትልልቆቹ ሆቴሎች ከተደረደሩበት ከስትሪፕ ጎዳና ተነሥታችሁ በቻርልስተን ጎዳና ወደ ምዕራብ 17 ማይል ያህል ብትነዱ ሬድ ሮክ ካንየን ትደርሳላችሁ። በዓለም ላይ ዐለት መውጣትን የሚወዱ ሰዎች ሁሉ ስሙን ያውቁታል። ለሳምንት ዕረፍት ገንዘብ አጠራቅመው፣ ውቅያኖስ አቋርጠው የሚመጡበት ቦታ ነው። እኛ ደግሞ በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ተቀምጠን፣ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ፎቶ ለማንሣት ካልሆነ በቀር አንደርስበትም። ይህ ያስቆጨኛል። ልጆቻችን የዚህ ምድር ልጆች ሆነው ሳለ ምድሩን የሚያውቁት በመኪና መስኮት መሆኑ ያስቆጨኛል። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ በመጪው ጸደይ፣ ማለትም አገር ቤት በልግ በምንለው ወራት፣ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ ድንኳን ይዛችሁ እንድትሄዱ፣ ስትሄዱም በሰላም እንድትመለሱ ነው።

ስለ ዕቅድ ሲነሣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ዕቃ ነው። ምን ዓይነት ገመድ? ምን ዓይነት ጫማ? ድንኳኑስ? እኔ ግን ከዕቃው በፊት የቀን መቁጠሪያውን እንድታወጡ እለምናችኋለሁ። በዚህ በረሃ የሚደረግ ጉዞ የሚበላሸው በዕቃ እጥረት ሳይሆን በትርፍ ቀን እጥረት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ድንጋዩ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቀዩ ገደል ከ180 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አሸዋ ነው። በዚያ ዘመን ይህ አገር ነፋስ የከመረው የአሸዋ ተራራ የሞላበት ሰፊ በረሃ ነበር። አሸዋው በላዩ በተከመረው ክብደት ተጨምቆ፣ በውስጡ የተንሸራሸረው ውኃ ጥሎት በሄደው ማዕድን ተያይዞ ድንጋይ ሆነ። ቅላቱ የመጣው ከብረት ዝገት ነው። ግድግዳው ሥር ቆማችሁ ቀና ስትሉ የምታዩአቸው ሰያፍ መስመሮች ያ የጥንት ነፋስ አሸዋውን የደረደረበት አቅጣጫ ናቸው፤ እኔ እነዚያን መስመሮች አይቼ አልጠግብም። ከቀዩ ድንጋይ በላይ የተቀመጠው ግራጫ ተራራ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ሲሆን ዕድሜው ወደ 500 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። አሮጌው በአዲሱ ላይ ሊወጣ የቻለው ከ65 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የምድር ቅርፊት ከምዕራብ ተገፍቶ በላዩ ስለ ተንሸራተተ ነው።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር የአሸዋውን ቅንጣቶች ያያያዘው ማዕድን ነው። ውኃ ሲገባበት ይላላል። ደርቆ ሳለ የአንድ ጎልማሳ ሙሉ ክብደት የቻለ የድንጋይ ጠርዝ፣ ርሶ ሳለ በእጃችሁ ላይ ተገንጥሎ ይቀራል። የተገነጠለው ጠርዝ ሰውን ይጥላል፤ ባይጥል እንኳ ያ መያዣ ተመልሶ አይበቅልም፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣ ሁሉ መስመሩ፣ ማለትም በግድግዳው ላይ ያለው የመውጫ መንገድ፣ ተበላሽቷል ማለት ነው። በድንጋዩ ላይ የተተከሉት ቡሎኖችና በስንጥቅ ውስጥ የሚሰነቀሩት መያዣ ብረቶችም እምነት የሚጣልባቸው ድንጋዩ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ እንደ ዝናቡ ብዛት ከ24 እስከ 72 ሰዓት መጠበቅ የዚህ አካባቢ ዐለት ወጪዎች ሁሉ የሚያከብሩት ሕግ ነው። የድንጋዩ ገጽ በፀሐይና በነፋስ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደርቆ ይታያል፤ ይህ አያታልላችሁ። ግድግዳው ሥር ያለውን አፈር በጣታችሁ ጫር አድርጉት። ከሥሩ እርጥበት ካለ ድንጋዩም ውስጡ እርጥብ ነው፤ ያን ቀን አይወጣም።

ላስ ቬጋስ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ብርቅ ስለሆነ ነው ሰው በዕቅዱ ውስጥ የማያስገባው። ነገር ግን የክረምቱ መጨረሻና የማርች ወር ዝናብ ሊጥልባቸው ይችላል። ቅዳሜና እሑድን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ዓርብ ማታ ቢዘንብበት ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፦ ሳይወጣ መመለስ ወይም በእርጥብ ድንጋይ ላይ መውጣት። ከሩቅ መጥቶ፣ ከአለቃው ፈቃድ ለምኖ፣ ልጆቹን አስጎምጅቶ የመጣ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ውሳኔው ቤት ውስጥ፣ ገና ዕቃ ሳይጫን ይወሰን። አራት ቀን ከያዛችሁ ሁለቱን ለመውጣት አስቡ፤ የቀሩት ለዝናብ፣ ለነፋስና ለዕረፍት ናቸው። ከዘነበ በሸለቆዎቹ ደጅ በእግር ትጓዛላችሁ፣ ወይም ከተማ ተመልሳችሁ ቤት ውስጥ በተሠራው መለማመጃ ግድግዳ ላይ ትውላላችሁ። የኖራ ድንጋይ እንደ አሸዋ ድንጋይ በውኃ ስለማይዳከም ልምድ ያላቸው ሰዎች ወደ ቨርጂን ሪቨር ሸለቆ፣ ወደ አሪዞና ጥግ ይሄዳሉ፤ የዚያ ቦታ መስመሮች ግን ከባድ ናቸውና ለጀማሪ አልመክርም።

እዚህ ላይ የእኛ ማኅበረሰብ አንድ ዕድል አለው። ብዙዎቻችን የዕረፍት ቀናችን ማክሰኞና ረቡዕ፣ ወይም ረቡዕና ሐሙስ ነው። ስንት ጊዜ ተማርረንበታል! በሬድ ሮክ ግን ቅዳሜ የሚጨናነቀው ቦታ ሁሉ ማክሰኞ ሰፊ ነው።

ስለ ወራቱ ልናገር። ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ያለው ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ነው። በከተማው የቀን ሙቀት በማርች በአማካይ 21 ዲግሪ፣ በኤፕሪል 26፣ በሜይ 32 አካባቢ ይደርሳል። ካንየኑ ከከተማው ከፍ ያለ ስለሆነ ጥቂት ይቀዘቅዛል። በማርች ግድግዳው ፀሐይ የሚያገኝበትን ቦታ ፈልጉ፤ የካሊኮ ኮረብቶች ለዚህ ይመቻሉ። በኤፕሪል መጨረሻ ግን ያው ግድግዳ ምጣድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ወደ ጥላው፣ ወደ አይስ ቦክስና ወደ ፓይን ክሪክ ሸለቆዎች መግባት ነው። ሌሊቱ ደግሞ ቀኑን አይመስልም። በረሃ ሙቀቱን ከፀሐይዋ ጋር ስለሚሸኝ በማርች ሌሊት ወፍራም የመኝታ ከረጢትና ከመሬት የሚለይ ፍራሽ የግድ ነው። ጋቢያችሁን አትርሱ፤ በዚህ ደረቅ አየር ማታ ላይ የሚደረብ ከእሱ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

የድንኳን ማደሪያው ከቻርልስተን መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከጎብኚዎች ማዕከል በስተምሥራቅ ሁለት ማይል ያህል ርቀት ላይ ይገኛል። የመጠጥ ውኃና መጸዳጃ አለው፤ ሻወርና ኤሌክትሪክ የለውም፤ በበጋው ሙቀት ይዘጋል። በጸደይ ወራት ቦታው ቶሎ ስለሚያልቅ በኢንተርኔት ቀደም ብሎ ማስያዝ ያስፈልጋል። በመኪና ማቆሚያ ወይም በመንገድ ዳር ማደር አይፈቀድም። በካንየኑ ውስጥ የሚዞረው የ13 ማይል መንገድ ደግሞ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 8 እስከ ከሰዓት በኋላ 5 ለሚገባ መኪና የመግቢያ ሰዓት አስቀድሞ ማስያዝን ይጠይቃል። በሩ ጠዋት 6 ሰዓት ስለሚከፈት ማልዳችሁ ከገባችሁ ይህ አያስፈልጋችሁም። ማታ በማርች 7 ሰዓት፣ በኤፕሪል 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃድ የተገኘ መኪና ይቀጣል። ረጅም መስመር የሚወጡ ሰዎች አምሽቶ የመውጣት ፈቃድ በነጻ መጠየቅ ይችላሉ።

አሁን ወደ ውኃና ወደ ምግብ ልምጣ፤ ሆድ የሌለው ጉዞ የለምና። በበረሃ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ውኃ ያዙ። ይህ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ነው፤ ዕቃ ማጠቢያው ለብቻው ይታሰብ። በመኪናው ውስጥ ደግሞ ማንም የማይነካው ተጨማሪ ዕቃ ሙሉ ውኃ ይቀመጥ።

ምግቡን በተመለከተ ከማንም መማር የማያስፈልገን ሕዝብ ነን። በስፖርት ዕቃ መደብር በከረጢት ታሽጎ በውድ የሚሸጠው የደረቀ ምግብ እናቶቻችን ለመንገደኛ፣ ለዘማችና ለተማሪ ሲሰንቁት የኖሩት ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በትንሽ ውኃና በማር ወይም በስኳር ተበጥብጦ ጠዋት ይጠጣል፣ ወይም ተጨብጦ በቦርሳ ኪስ ይገባል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ገደሉ ላይ ተንጠልጥላችሁ በአንድ እጅ የምትበሉት ነው። ድርቆሽ ለሳምንት አይበላሽም፤ ማታ ሽንኩርት፣ በርበሬና ዘይት ከተቁላላ በኋላ ውስጡ ሲገባ በአሥር ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል። የሽሮ ዱቄትም እንደዚያው። ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት የሚታጠበውን ዕቃ ያሳንሳል፤ ውኃ በሊትር በሚቆጠርበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከመብላት በፊት እጅ መታጠብን ግን ለውኃ ቁጠባ ብላችሁ አትተዉ፤ ካምፕ ውስጥ ሆድ ቁርጠት የገባ እንደሆነ ጉዞው ያበቃል። የጋዝ ምድጃ ይዛችሁ ቡናውን በጀበና ማፍላት ትችላላችሁ፤ ነፋሱን ከልሉት እንጂ።

ስለ ጾምም እንነጋገር። በማርች መጨረሻ የሚሄድ ኦርቶዶክሳዊ ሁልጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። የዘረዘርኩት ምግብ ሁሉ የጾም ስለሆነ በዚያ በኩል ችግር የለም። ችግሩ በአገር ቤት አቆጣጠር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላና ሳይጠጣ ለሚቆይ ሰው ነው። ውኃ ያጣ ሰውነት ይዝላል፤ የዛለ ሰው ቋጠሮ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም የሚጎዳው እሱን ብቻ ሳይሆን ገመዱ ላይ ያለውን ወንድሙንም ነው። እንዲህ የሚጾም ሰው አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፣ ወይም ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ቀናት ይምረጥ። ረመዳን በጸደይ በሚውልባቸው ዓመታት ለሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም የምለው ይህንኑ ነው፤ የወሩን ማለቅ ጠብቁ። ድንጋዩ የትም አይሄድም።

ስለ መውጣቱ በንግግር ማስተማር አልችልም፤ ይህ በእጅ የሚማሩት ነገር ነው። ጀማሪ የሆነ ሁሉ መጀመሪያ በከተማው መለማመጃ ግድግዳ ላይ ገመድ መያዝን ይማር፤ ለመጀመሪያው የውጭ ጉዞ ደግሞ በካንየኑ ለመሥራት ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ይቅጠር። ወደ ደብረ ዳሞ የወጣችሁ ወንዶች አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ አንዱን ጠፍር በእጃችሁ ይዛችሁ ስትወጡ፣ ሁለተኛው ወገባችሁ ላይ ታስሮ መነኩሴው ከላይ ይስበዋል። እዚህም ዐለት የሚወጣው ሰው ብቻውን አይደለም፤ ገመድ ያዥ አለው። ልዩነቱ ገመዱ ጥቂት የሚለጠጥ፣ መያዣው መሣሪያም ብዙውን ኃይል ራሱ የሚሸከም መሆኑ ነው።

አደጋ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሲወጣ ሳይሆን ሲወረድ ነው። ሁለት ነገር አደራ እላችኋለሁ። የመጀመሪያው፣ የገመዱ የታችኛው ጫፍ ሁልጊዜ ይቋጠር። መስመሩ ከገመዱ ግማሽ የበለጠ ረጅም ሆኖ ከተገኘ፣ ያልተቋጠረ ጫፍ በመሣሪያው ውስጥ ሾልኮ ያልፋል፤ ሰውም ይወድቃል። ሰዎች የሞቱት በዚህ ነው፤ መከላከያው ደግሞ አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ከመሬት ከመነሣታችሁ በፊት የምትጠቀሙባቸውን ቃላት ተስማሙ። በጸደይ ይህ በረሃ ኃይለኛ ነፋስ አለው፤ 30 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ተቆራርጦ ነው የሚሰማው። አንዱ «ያዝልኝ» ሲል ሌላው «ያዝኩልህ» ብሎ ሲመልስ፣ በነፋስ ውስጥ ማን ምን እንዳለ አይለይም። የማይመሳሰሉ አጫጭር ቃላት ምረጡ፤ ከትእዛዙ በፊት የሰውየውን ስም ጥሩ፤ አጠገባችሁ ሌሎች ቡድኖች ይኖራሉና። ከላይ የደረሰው ሰው በገመድ ያዡ እርዳታ ነው የሚወርደው ወይስ ራሱ በገመድ ይወርዳል የሚለውን መሬት ላይ ሳላችሁ ጨርሱት። አናት ላይ ተደርሶ የሚጀመር ክርክር መሆን የለበትም።

የመስመሮቹ ክብደት በቁጥር ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር መስመሩ ይከብዳል፤ 5.6 እና 5.7 ለጀማሪ ከአስጎብኚ ጋር የሚቻሉ ናቸው። ቁጥሩ ግን ሁሉን አይናገርም። በብላክ ቬልቬት ሸለቆ ውስጥ በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣ ኤፒነፍሪን የሚባል መስመር አለ። ደረጃው 5.9 ነው፤ ከባድ የሚባል አይደለም። ነገር ግን ከ1,500 ጫማ በላይ ርዝመት ያለው፣ ሰው ጀርባውንና እግሩን በሁለት ግድግዳ መካከል ወጥሮ የሚወጣባቸው ጠባብ ክፍተቶች ያሉት በመሆኑ፣ ጠንካራ ሰዎች ሳይቀሩ መሽቶባቸው እዚያው ያደሩበት ነው። ረጅም መስመር የሚሄድ ሰው በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ንፋስ የሚከላከል ልብስና የመመለሻ ሰዓት ይኑረው። የመመለሻ ሰዓት ማለቴ፣ ያ ሰዓት ሲደርስ አናቱ ቢታይም ባይታይም መውረድ የሚጀመርበት ነው።

ሌላው ጎርፍ ነው። ድንኳናችሁን ወይም ዕቃችሁን በደረቅ የወንዝ ወለል ላይ አታሳርፉ፣ አሸዋው ምንም ያህል ለስላሳና ሜዳ ቢሆን። ዝናቡ የሚወርደው ከእናንተ ርቆ በተራራው አናት ላይ ሊሆን ይችላል፤ በእናንተ ሰማይ ፀሐይ እያለ ደራሹ በሸለቆው ይመጣል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የድሬዳዋ ሰው የደረሰበትን የማያውቅ በመካከላችን የለም። የከተማዋ ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በዚያች ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ግን ከሁለት መቶ በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። የበረሃ ወንዝ በየትኛውም አህጉር ባሕርዩ አንድ ነው።

የስልክ ኔትወርክ በሸለቆዎቹ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ለሚቀር ሰው መኪናችሁን የት እንደምታቆሙ፣ የትኛው ሸለቆ እንደምትገቡ፣ እስከ ስንት ሰዓት ካልደወላችሁ ወደ 911 እንዲደውል በጽሑፍ ተዉለት። «ሬድ ሮክ ሄደዋል» ማለት ብቻ ለፈላጊዎች ምንም አይጠቅምም፤ ቦታው እጅግ ሰፊ ነው።

ለምድሩ ያለብንን ዕዳም ላንሣ። በቁጥቋጦዎቹ መካከል የምታዩት ጠቆር ያለና ሸካራ የአፈር ቅርፊት ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ያበጁት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተረገጠ ለማገገም አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። በተሠራው የእግር መንገድ ብቻ ሂዱ። የበረሃ ኤሊ ካያችሁ አታንሡት፤ ሲደነግጥ በሰውነቱ ያጠራቀመውን ውኃ ይለቃል፤ ያ ውኃ ለወራት የሚኖርበት ሊሆን ይችላል። መኪና ከማስነሣታችሁ በፊት ሥሩን ተመልከቱ፤ ለጥላ ብሎ ይገባልና። የዱር አህዮቹን ምግብ አታስለምዷቸው፤ ወደ መንገድ እየወጡ በመኪና ይገጫሉ። በድንጋዩ ላይ የተቀረጹ የጥንት ምስሎች ያሉበት ግድግዳ አይወጣም፣ አይነካምም፤ የዚህ ምድር ነባር ሕዝብ ለሆኑት ለደቡብ ፓዩቶች ቅርስ ነው። እኛም በገራልታ ዐለት ላይ ያሉንን አብያተ ክርስቲያናት ማንም መጥቶ እንዲፍቅብን አንፈልግም። መጸዳጃ በሌለበት የተጸዳዳ ሰው ለዚህ በተሠራው ከረጢት ይዞ ይመለሳል፤ በዚህ ደረቅ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ነገር ቶሎ አይበሰብስም።

በመጨረሻ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዷ እናት ያቀረቡት ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ስለሆነ መልሴን እዚህ አኖራለሁ። «ትንንሽ ልጆቼን ይዤ ብሄድስ?» ብለው ነበር። ይሂዱ፣ እናቴ። ነገር ግን ሌላው በሚወጣበት ግድግዳ ሥር ልጅ አይቀመጥም፤ ከላይ ድንጋይም ዕቃም ይወድቃል። ሄልሜት ለልጁ በልኩ ይገዛ፤ የአዋቂ ሄልሜት ይንሸራተታል። የትንሽ ልጅ ዳሌ ገና ጠባብ ስለሆነ በወገብ ብቻ የሚታጠቅ መታጠቂያ ተገልብጦ ሊያመልጠው ይችላል፤ ትከሻውንም የሚይዘው ዓይነት ያስፈልጋል። ሁለት አዋቂዎች በገመዱ ላይ ሲሆኑ ሦስተኛ አዋቂ ልጆቹን ብቻ ይጠብቅ፤ ገመድ ያዥ የሆነ ሰው ልጅ መጠበቅ አይችልም። ጫማቸውንም ጠዋት ከማጥለቃቸው በፊት ያራግፉላቸው፤ ጊንጥ ሌሊት እዚያ ማደር ይወዳል።